ሊጨርስ ነው

1.
ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ልኮ ዶክትሬት የሚያስተምረው መምህር በአራት ዓመት አልጨረሰም። ቶሎ እንዲጨርስ ተብሎ ደመወዙ ታገደ። ደመወዙ ሲታገድ ሁለት የግል ኮሌጆች ውስጥ ማስተማር ጀመረ። አንዱ የማታ ነው፤ አንዱ የቅዳሜና እሑድ። ማስተማር ሲጀምር መጻፍ አቆመ። «ያልጨረሱበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ። በዚያ ዓመት ጽፎ የጨረሰው ነገር ቢኖር የደብዳቤውን መልስ ነው።

2.
«ስንት ቀረህ?»
«አንድ ዓመት።»
አንድ የዶክትሬት ተማሪ ይህን ያለኝ በ2013 ነው። ባለፈው ጥምቀት ጃን ሜዳ አገኘሁት። መልሱ አልተለወጠም። ያኔ በእቅፍ የነበረው ልጁ አሁን ፊደል ይቆጥራል።

3.
የአንድ ጥናት በጀት አየሁ። የመስክ አበል አለ። የመኪና ኪራይና ነዳጅ አለ። የመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና አለ። የወርክሾፕ ሻይ ቡና የራሱ መደብ ተሰጥቶታል። ቁጭ ብሎ ለመጻፍ የተያዘ ገንዘብ የለም። ለምን እንደሆነ አጥኚውን ጠየቅሁት። «እሱማ ሥራ አይደለም ይላሉ» አለኝ። የሚመረቀው በእሱ ነው።

4.
ውጭ አገር ሊማር የሚሄድ መምህር ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል። ዋስም ይጠራል። ዋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ባልደረባ ነው። ሲፈርም «ምን ችግር አለው» ይላል። ትምህርቱ ወደ ማለቂያው ሲጠጋ ከአማካሪው ይልቅ ዋሱ አዘውትሮ ይደውላል። ስለ ምዕራፍ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቲኬት መቁረጡን ነው።

5.
ሰኞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንዲት ተማሪ ጥናት በጀት የጸደቀው በብር ነው፤ ኬሚካሉ የሚገዛው በዶላር። ተማሪዋ የበጀት ማሻሻያ ጠየቀች። ኮሚቴው ገንዘብ መጨመር እንደማይቻል ገልጾ ጥናቱ እንዲጠብ መከረ። ናሙናው በግማሽ ተቀነሰ። ምዕራፍ ሦስት ላይ የሰፈረው ምክንያት እንዲህ ይላል፦ «ይህ የናሙና መጠን ለጥናቱ ዓላማ በቂ ሆኖ ስለተገኘ»።

6.
በዚያው ሰሞን አበሉ በዶላር የሚገባለት ባልደረባዋ ፕሮግራሙን በአንድ ሴሚስተር አራዘመ። ሰኔ ላይ «በቃ፣ ነሐሴ አስረክባለሁ» ሲል ሰምቼው ነበር። የማራዘሚያ ቅጹ ላይ የሞላው ምክንያት «ተጨማሪ መረጃ ለመሰብሰብ» የሚል ነው።

7.
አማካሪው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ተማሪዎች እንደማይጨርሱ አማረረ። ትውልዱ ትዕግሥት የለውም አለ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪው ምዕራፍ አራትን ያስረከበው ከፋሲካ በፊት ነው። አስተያየት እየጠበቀ ነው። ስብሰባው የተደረገው በመስቀል ማግስት ነው። ተማሪው ከሌሎቹ ጋር አብሮ አጨበጨበ።

8.
የሠርግ ጥሪ ካርድ ደረሰኝ። ከሙሽራው ስም ፊት «ዶ/ር» ይላል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚከላከልበት ዲፌንስ ከሠርጉ ስድስት ወር በኋላ ነው። ካርዱን ያሳተሙት አጎቱ ናቸው። ሙሽራው ሊያስቀይር ሞክሮ ነበር። አጎቱ «አንተ ልጅ፣ ካርድ ሁለት ጊዜ አይታተምም» ብለው ዘጉት። ካርዱን ካዩት የዲፓርትመንቱ ሰዎች አንዱም ስለ ማዕረጉ አላነሣም። የተወያዩት ስለ አዳራሹ ርቀት ነው።

9.
ለመመረቅ ጽሑፍ ማሳተም ግዴታ ነው። ለድሃ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነጻ ወይም በርካሽ በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ አሠራር ኢትዮጵያ ያለችው በምድብ ሀ ውስጥ ነው። ብዙ ታላላቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ ጆርናሎቻቸው ከዚህ ምድብ አገሮች የሚመጣ ጸሐፊ ሳይከፍል እንዲያሳትም ይፈቅዳሉ። ይህን ለአንድ ዕጩ ነገርኩት። «ነጻ ከሆነማ አይቀበሉኝም» አለ። መቶ ምናምን ዶላር ፈልጎ፣ ዱባይ ባለ ዘመድ በኩል ከፍሎ፣ ስሙን ማንም ሰምቶት በማያውቅ ጆርናል ላይ አሳተመ። በሦስት ቀን ተቀበሉት። አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አላረሙለትም። «ይኸ ነው ፕሮፌሽናል» አለኝ።

10.
«ኔቸር» የተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲነበብ 9,500 ዩሮ መጠየቅ ጀመረ። ጸሐፊው አይከፈለውም። ገምጋሚውም አይከፈለውም።

11.
ጄፍሪ ቢል የተባለ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለገንዘብ ብቻ ያትማሉ ብሎ የጠረጠራቸውን አሳታሚዎች እየመዘገበ በድረ ገጹ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ዝርዝሩን አነሣው። ቅጂው ዛሬም በቴሌግራም ይዞራል። አንድ ዲፓርትመንት «እዚህ እንዳታሳትሙ» ብሎ ለተማሪዎቹ አደለው። አንደኛው ፋይሉን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠበትን ስም አይቻለሁ፦ «ፈጣን ጆርናሎች»።

12.
«ይህ ጽሑፍ የራሴ ወጥ ሥራ መሆኑንና ከሌላ ያልተገለበጠ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለው ገጽ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ የተገለበጠ ነው። ያወቅሁት የዲፓርትመንቱ ስም ስላልተቀየረ ነው። የአፈር ሳይንስ ዕጩ በእንስሳት ጤና ስም ፈርሟል። ሦስት ፈታኞችና አንድ ዲን ያንኑ ገጽ አልፈውታል። የተመሳሳይነት መመርመሪያው ሶፍትዌር ከመነሻው ያሉትን ገጾች እንዳይቆጥር ተደርጓል።

13.
ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት መስታወት። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጥረዛ። ሁሉም ዋጋቸው ተጽፏል። ከታች በቀይ «ጥናትና ምርምር እናማክራለን» ይላል። ዋጋ የለውም። ገብቼ ጠየቅሁ።
«ማስተርስ ነው ፒኤችዲ?» አለች ልጅቷ።
«ፒኤችዲ።»
«የት ደርሰዋል?»
«መጨረሻው ምዕራፍ ላይ።»
«ውዱ እሱ ነው» አለች። «መጀመሪያውን ሁሉም ሰው ይጽፈዋል።»

14.
የአምስት ዕጩዎች ዕቁብ። ዕጣ አይወጣም። ተራው የሚሰጠው ለዲፌንስ ለቀረበ ሰው ነው ተባባሉ። ጥረዛው፣ መስተንግዶው፣ ሱፉ ሁሉ ወጪ ነው። ወሩ ሲደርስ እያንዳንዱ «እኔ እንኳ ገና ነኝ» አለ። የመጀመሪያውን ዕቁብ የወሰደው ፕሮፖዛሉ ያልጸደቀለት ነው። ሚስቱ ወልዳ ነበር።

15.
ደመወዝተኛ ለጳጉሜን አይከፈለውም። የማስረከቢያው ቀነ ገደብ ጳጉሜን 5 ነው።

16.
እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታ እንዲቆም አዘዘ። ሥራ የማቆም ደብዳቤ በኢሜይል መጣ። አንዲት ዕጩ መረጃዋን የምትሰበስበው በዩኤስኤይድ ገንዘብ በሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ሥር ነበር። የመጀመሪያው ዙር መጠይቅ ተሞልቷል። ሁለተኛው ዙር አልተሞላም። ታብሌቶቹ ተሰበሰቡ፤ ሾፌሩ ተሰናበተ። የጥናቱ ርእስ ፕሮጀክቶች ከረጂዎች መውጣት በኋላ ስለሚኖራቸው ዘላቂነት ነው። አማካሪዋ ርእሱን እንድትቀይር መክሯታል።

17.
የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ለምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት የልህቀት ማዕከላት 148 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። 24 ማዕከላት ተመረጡ። አራቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፤ ሦስቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ሐረማያ። ገንዘቡ ይለቀቅ የነበረው ውጤት እየተቆጠረ ነው። ይቆጠሩ ከነበሩት አንዱ አዲስ የተመዘገበ ተማሪ ነው። መመዝገብ በአንድ ቀን ያልቃል።

18.
አንድ ሰው ለአንዲት ዕጩ በሁለት ለቅሶ ቤት የሰጧትን ምክር መዘገብኩ። መጀመሪያ፦ «ልጅ ሳይመጣ ጨርሺ፤ ኋላ አይመችሽም።» ከዓመት በኋላ፦ «ትምህርቱ የት ይሄዳል፤ ልጅ ነው ጊዜ የማይሰጠው።» ሁለቱንም ጊዜ «እሺ፣ ጋሼ» አለች። ወንድሟም ፒኤችዲ ይማራል። እሱን የጠየቁት ስለ መኪናው ነው።

19.
ጀርመን የሚማር ሐበሻ የሥራ ውሉን አሳየኝ። ከሙሉ ሰዓት 65 በመቶ ይላል። ደመወዙም 65 በመቶ ነው።
«በቀረው 35 በመቶ ምን ትሠራለህ?»
«የራሴን ጽሑፍ።»
«በ65ቱስ?»
«የፕሮፌሰሩን።»
ስንት ሰዓት ከላቦራቶሪ እንደሚወጣ ጠየቅሁት። «የመጨረሻው ባቡር ሳያመልጠኝ» አለ።

20.
በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሕግ አለ። ተመራማሪ በጊዜያዊ ውል ከዶክትሬት በፊት እስከ ስድስት ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላም እስከ ስድስት ዓመት ሊቀጠር ይችላል። ለሕክምና የኋለኛው ዘጠኝ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ በመጣ የፕሮጀክት ገንዘብ ካልተቀጠረ በቀር ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ቋሚ መሆን ወይም መሰናበት ነው። ቋሚው ጥቂት ነው። የአገሪቱ የትምህርትና የምርምር ሚኒስቴር ሕጉን በቪዲዮ ለማስረዳት ሐና የምትባል ተመራማሪ በካርቱን ሥሎ ነበር። መልእክቱ ነባሩ ካልወጣ አዲሱ አይገባም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች «እኔ ሐና ነኝ» እያሉ የፈረሟቸውን ጊዜያዊ ውሎች ብዛት ትዊተር ላይ ዘረዘሩ። ብዙዎቹ ከሐና በዕድሜ ይበልጣሉ።

21.
አሜሪካ በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ የተማረ ሰው ሲመረቅ በሙያው የሚሠራበት 12 ወር ይፈቀድለታል። መስኩ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስና ወይም ሒሳብ ከሆነ 24 ወር ይጨመርለታል። ሁለት ኢትዮጵያውያን አንድ አፓርትመንት ይጋራሉ። አንዱ ስለ ጎንደር ዘመን ይጽፋል፤ አንዱ ስለ ኮንክሪት። የኮንክሪቱ ሰው አገሩ መንገድና ድልድይ እንደሚያስፈልጋት አዘውትሮ ይናገራል። የጎንደሩ ስለ አገሩ ብዙ አያወራም። ቀድሞ የሚመለሰው እሱ ነው።

22.
በአሜሪካ መንግሥት የፉልብራይት ስኮላርሺፕ፣ በጄ 1 ቪዛ የሄደ ሰው ግሪን ካርድ ወይም ኤች 1 ቢ የሥራ ቪዛ ከማግኘቱ በፊት በድምሩ ሁለት ዓመት አገሩ ላይ መቀመጥ አለበት። አንዱ ተመልሶ መጣ። ዲፓርትመንቱ አበባ ይዞ ቦሌ ተቀበለው። «ለአገሬ ያለኝን ዕቅድ ላቅርብ» ብሎ በስላይድ አቀረበ። ቤተ ሙከራ፣ አዲስ ኮርስ፣ ጆርናል። የሁለት ዓመት ዕቅድ ነው። ለምን ሁለት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጭብጨባው ረጅም ነበር።

23.
የድኅረ ዶክትሬት ማመልከቻው የአምስት ዓመት የምርምር ዕቅድ ይጠይቃል። የሚሰጠው ውል የአንድ ዓመት ነው።

24.
የዩኒቨርሲቲዎቻችን የማዕረግ መሰላል ግራጁዌት አሲስታንት፣ አሲስታንት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ አሲስታንት ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። ፖስት ዶክ የሚባል እርከን የለውም። ሰውዬው ስለ አሲዳማ አፈር ጽፎ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። በወሩ ዲን አደረጉት። «የተማረ ሰው ያስፈልገናል» አሉ። ቢሮው ሄጄ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ መስኮቱ ጥግ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ የግዢ መጠየቂያ ሰነዶች ተቆልለዋል። እያወራን ሦስቱን ፈረመ። ሁለቱ የቶነር ናቸው። አንዱ የበር ቁልፍ። ጸሐፊዋ ብቅ ብላ «ዶክተር፣ ኮሚቴው ተሟልቷል» አለችው። ምርምሩን ጠየቅሁት። «ይኼን ዓመት ልጨርስና» አለኝ።

25.
አክሊሉ ለማ ትምህርቱን በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተከታትሎ በተመለሰ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ብልሃርዝያን ሊያጠና አድዋ ወረደ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። የቀረው የሥራ ዘመኑ ከዚያ ወንዝ ወጣ። ከሥራ ባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። መካከሉ 25 ዓመት ነው። በዛሬው ማመልከቻ ላይ «የሚጠበቅ ግኝት» የሚለው ሰንጠረዥ በየሦስት ወሩ ተከፍሎ ይሞላል። ባዶ ሳጥን ካለ ቅጹ አይላክም።

26.
ዲፌንስ። ፊት ለፊት ባነር። ጎን ላይ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የታሸገ ውሃ፣ ለስላሳ። የዕጩው እናት የአገር ልብስ ለብሰው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ናቸው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ዓይናቸውን ከልጃቸው አላነሡም። ሰብሳቢው ውጤቱን ማንበብ ጀመሩ። «ተቀባይነት አግኝቷል» ከሚለው በኋላ «የሚከተሉት መሠረታዊ ማሻሻያዎች ሲደረጉ» የሚል አለ። እልልታው ቀደመ። ማሻሻያዎቹን የሰማ የለም። ዘጠኝ ናቸው። ዘጠነኛው ምዕራፍ አራት እንደገና እንዲጻፍ ይላል። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፈው ዳቦ ቆረሱ።

27.
የምስጋና ገጽ። መጀመሪያ ፈጣሪ። ቀጥሎ ስፖንሰሩ፣ «ላልተቋረጠ ድጋፉ»። ድጋፉ የተቋረጠው በሦስተኛው ዓመት ነው። ቀጥሎ አማካሪው፣ ዲኑ፣ የቤተ ሙከራው ሠራተኞች። ባለቤቱ የመጨረሻው መስመር ላይ ናት፣ «ለትዕግሥቷ»። ጉርድ ሾላ የሕፃናት ልብስ ሱቅ አላት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የቤት ኪራይ የከፈለው ሱቁ ነው። ጥረዛውንም።

28.
ዋስ ጠርቶ ውጭ አገር ሊማር የሄደው መምህር አልተመለሰም። ዋሱ በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። እሱ ከባሕር ማዶ ስለ ምሁራን ፍልሰትና ስላስከተለው ጉዳት የተጻፈ ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ አጋራ። «ልብ ይሰብራል» ብሎ ጨምሮበታል። ላይክ ካደረጉት መካከል ዋሱ ይገኝበታል።

29.
ካነበብኳቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ሁሉ የመጨረሻው አንቀጽ «በዚህ ጉዳይ ላይ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል። አንዱን ጸሐፊ አገኘሁትና ተጨማሪውን ጥናት ጀምሮት እንደሆነ ጠየቅሁት። «የቱን?» አለኝ።

30.
አዲስ የድጋፍ ጥሪ ወጥቷል። ለጀማሪ የዶክትሬት ተማሪዎች ነው። ከአምስተኛ ዓመት በላይ የሆናቸው እንዳያመለክቱ በደማቁ ተጽፏል። ሰባተኛ ዓመቱን የያዘ አንድ ዕጩ ጥሪውን ከእኔ ቀድሞ አይቶታል። ገንዘቡ ካለቀበት ወዲህ የሚተዳደረው ለሌሎች ፕሮፖዛል በመጻፍ ነው። ጎበዝ ነው ይባላል፤ የጻፈላቸው አብዛኞቹ አልፈዋል። ከእነሱ ሁለቱ ባለፈው ሐምሌ ተመርቀዋል። ለዚህኛው ጥሪ ደግሞ ሦስት ደንበኞች ይዟል። የራሱስ የት እንደደረሰ ጠየቅሁት። እነዚህን ካስረከበ በኋላ እንደሚቀመጥበት ነገረኝ። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ሌላ ጥሪ ይወጣል፤ እሱም ለጀማሪዎች ነው።